«ማንም ሳያውቅ ብቻዬን ገባሁ» ምኑ ያስኮራል?



በእኛ አካባቢ የቆየ ጉራ አለ። ሽንፋም ሆነ መተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ ካርቱም ደርሶ የተመለሰ ልጅ ወሬውን የሚጀምረው «ማንም ሳያውቅ ብቻዬን ገባሁ» ብሎ ነው። ሰሚውም «ወንድ ማለት እሱ ነው!» ይለዋል። ከዚያ ታናሹ ይሰማል፤ በሳምንቱ እሱም ይጠፋል።

ወንድሞቼ፣ ይህ ጉራ ሊቀር ይገባል።

አስቀድሜ ልናገር፤ መሄድን አልቃወምም። ሪዝቅ ፍለጋ፣ ዒልም ፍለጋ፣ ሐጅ፣ ሁሉም ጉዞ ነው። ወንዛችንም መንገደኛ ነው፤ እዚህ ሽንፋ የምንለው ውሃ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ተብሎ ከጥቁር ዓባይ ይቀላቀላል። መተማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በራሳቸው ሸኽ ሥር ያስተዳድሯት የነበሩት ተክሩሮችም ለሐጅ ከምዕራብ አፍሪካ የተነሱ ሙስሊሞች ነበሩ። ያን ሁሉ አገር ያቋረጡት ግን በጀመዓ ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ይሸከመዋል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይሰግድበታል፣ ይቀብረዋል።

«ኢብን በጡጣስ ብቻውን አልወጣም?» የሚል አይጠፋም። ወጥቷል፤ በ1325 እ.ኤ.አ. በ21 ዓመቱ ከጣንጃ ብቻውን ተነሳ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንስማው። ቱኒስ ሲደርስ የከተማው ሰው ወጥቶ መንገደኞቹን እያቀፈ ሰላም ሲል፣ እሱን የሚያውቀው ስላልነበረ ማንም ሰላም አላለውም። አለቀሰ። ማልቀሱን ያየ አንድ ሐጃጅ ቀርቦ አጽናናው፤ ከተማ እስኪገቡም አልተለየውም። ከቱኒስ ሲወጣ ደግሞ የሐጃጆቹ ቃፊላ ቃዲ ሆኖ ነው። የዓለም ትልቁ መንገደኛ ብቸኝነት እንዳስለቀሰው ራሱ ነግሮናል። የእኛ ልጅ ግን «አልፈራሁም» ብሎ ይምላል!

ዲናችንም ግልጽ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ለብቻው በሌሊት እንዳይጓዝ አስጠንቅቀዋል፤ ሦስት ሆነው የሚጓዙም ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አዘዋል። እህታችን ልትሄድ ስትነሳ «ማሕረምሽ የታል?» እንላለን። ወንድማችንን ግን «ጓደኛህ ማነው? የት ታድራለህ?» ብለን እንኳ አንጠይቅም። ማስጠንቀቂያው ለሴት ብቻ የመጣ ይመስል! «ተወኩል አድርጌያለሁ» የሚለውም ግመሉን ሳያስር የተወውን ሰውዬ ያስታውስ፤ እሰርና ተመካ ነው የተባለው።

ይህን የምለው ካየነው ተነስቼ ነው። ካርቱም አንድ ከተማ አይደለችም፤ ካርቱም፣ ኡምዱርማንና ባሕሪ በነጭና በጥቁር ዓባይ የተለያዩ ሦስት ከተሞች ናቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም፣ በረመዷን የመጨረሻ አስር ቀናት ውስጥ፣ ጦርነቱ ሲፈነዳ ድልድዮቹ የጦር ሜዳ ሆኑ። ልጇ ጅሬፍ ይኑር ኡምዱርማን የማታውቅ እናት ማንን ትጠይቅ? ሰው በሺዎች እየሆነ በመተማ ሲገባ የማንን ስም ትጥራ? «ማንም ሳያውቅ ገባሁ» ማለት «ማንም ሳያውቅ ልሞት እችላለሁ» ማለትም ነው። ይህን የሚከፍለው ጉረኛው አይደለም፤ እናቱ ናት።

ዛሬ ደግሞ ሪያድ፣ ጂዳ፣ ዱባይ የሚል ብዙ ነው። ደላላውም የሚፈልገው ይህንኑ ምስጢረኛ ልጅ ነው። «ለቤተሰብ አትናገር፣ ይከለክሉሃል» ካለህ እዚያው ላይ እወቀው፤ ሐላል ሥራ ከእናት አይደበቅም። በሕጋዊ የውጭ ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የሥራ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ወጪ የአንተ ነው። ለቪዛና ለትኬት ሰሊጥ ለቅመህ ያጠራቀምከውን የሚጠይቅህ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እየዘረፈህ ነው።

ሽማግሌዎቻችንንም አልተዋቸውም። አባቶች፣ ሥራችሁ «አትሂድ» ብሎ መቆጣት ብቻ ሆኗል። ልጁ ቁጣችሁን ስለሚፈራ ይደብቃችኋል፤ ስለደበቃችሁ ደግሞ ብቻውን ይሄዳል። ብቻውን ከላካችሁት ሰዎች አንዱ የእናንተው ቁጣ ነው። ልጅ የሚመክርበት ቤት ካጣ የሚመክርበት ደላላ ያገኛል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በየመስጂዳችን አንድ ደብተር ይከፈት። የሚሄድ ሰው ስሙን፣ የሚሄድበትን ከተማና ሰፈር፣ እዚያ የሚቀበለውን ሰው ስልክ ያስመዝግብ። ደብተሩ በታማኝ ሰው እጅ አማና ይሁን። ከዚያ ከተማ የተመለሱ ወንድሞች ከመግሪብ በኋላ ቁጭ ብለው ያስተምሩ፤ ጉራውን ትተው፣ የተታለሉበትን ጭምር ይናገሩ። የገበያ ዓረብኛ መቻል ሌላ፣ የሥራ ውል ማንበብ ሌላ መሆኑን ይንገሩ።

አንተም ወንድሜ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት እንደምታድር ሳታውቅ አትነሳ። የፓስፖርትህን ኮፒ ቤት ተው። የምታርፍበትን አድራሻ በዓረብኛ አጽፈህ ኪስህ ያዝ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ባትሪ ያልቃል። ከሁሉ በፊት እናትህን ዱዓ አስደርግ። የምታለቅስ ከሆነም ታልቅስ። ዛሬ እያየችህ ብታለቅስ፣ የት እንዳለህ ሳታውቅ ዓመት ሙሉ ከምታለቅስ ይሻላል።

ከእንግዲህ ሻይ ቤት ውስጥ «ብቻዬን ገባሁ» የሚል ስትሰሙ «ወንድ!» አትበሉት። «እናትህ ታውቅ ነበር?» በሉት።

አላህ መንገደኞቻችንን ይጠብቅ፤ የጠፉትን ለቤተሰቦቻቸው ይመልስ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም