«ተራህን ጠብቅ» ለምትሉን

ወዳጆቼ፣ የብራያን ስኒትከርን ታሪክ «ትዕግስት ፍሬ አላት» እያላችሁ ሼር የምታደርጉ ሰዎች አበሳጭታችሁኛል። ታሪኩ እኮ እናንተ እንደምትሉት አይደለም።

ቤዝቦል ለማትከታተሉ፦ «ማኔጀር» የሚሉት የእኛን ዋና አሰልጣኝ ነው። ማን እንደሚሰለፍ፣ ኳስ ወርዋሪው መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው እሱ ነው። ሜጀር ሊግ ውስጥ 30 ክለብ አለ፣ ስለዚህ ወንበሩም 30 ብቻ ነው።

ስኒትከር አትላንታ ብሬቭስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1977 በተጫዋችነት ነው። ሜጀር ሊግ ላይ አንድ ጨዋታ እንኳን ሳይጫወት በ1980 መጫወቱ አበቃ። ከዚያ ከ1982 ጀምሮ የታችኛው ሊግ አሰልጣኝ ሆነ። ደርሃም፣ ሜከን፣ ግሪንቪል፣ ሪችመንድ... ትንንሽ ከተማ፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ። በ2007 ዋናው ቡድን ውስጥ የረዳትነት ቦታ አገኘ። «ይኸው ተራው ደረሰ» ትሉኛላችሁ አይደል? ከ2013 ውድድር በኋላ መልሰው ወደ ታች፣ ወደ ግዊኔት ላኩት። ይሄን ሼር የምታደርጉት ጽሑፍ ላይ አላየሁትም።

ወንበሩን ያገኘው በግንቦት 2016 ነው፣ ስልሳ ሊሞላው ወራት ሳይሆን ካለፈው በኋላ። ያውም ቡድኑ 9 አሸንፎ 28 ተሸንፎ አሰልጣኙ ስለተባረረ፣ «ለጊዜው ያዝልን» ተብሎ! ከዚያስ? ከ2018 እስከ 2023 በተከታታይ ስድስት ጊዜ የምድቡ አሸናፊ፣ በ2021 ደግሞ የዓለም ዋንጫ የሚሉትን ወርልድ ሲሪስን አነሳ። (በፍጻሜው የተሸነፈው ሂውስተን ውስጥ የመምቻ አሰልጣኙ የገዛ ልጁ ትሮይ ነበር። እናትየው እንዴት አየችው ይሆን?)

እንግዲህ ይሄ ሰው ችሎታው በስልሳ ዓመቱ ነው እንዴ የወረደለት? ክለቡ እጁ ላይ የነበረን ሰው ለአስርት ዓመታት አላየውም፤ ቡድኑ ሲፈርስ ነው ያየው። ይሄ የክለቡ ውድቀት ነው። እናንተ ግን የሠራተኛ መገሠጫ አደረጋችሁት።

ልምድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ታች መሥራቱ ጠቅሞታል፣ ልጆቹን ሳይታወቁ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ግን መጠበቅ ግዴታ ከሆነ አሮን ቡንን ምን ልትሉት ነው? ኒውዮርክ ያንኪስ በታህሳስ 2017 ሲቀጥረው ከቴሌቪዥን ተንታኝነት ነው ያመጣው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አሰልጥኖ አያውቅም። አባቱ ግን የሜጀር ሊግ ማኔጀር ነበር፣ አያቱም የሜጀር ሊግ ተጫዋች። በመጀመሪያው ዓመቱ 100 ጨዋታ አሸነፈ፣ በ2024ም ለፍጻሜ ደረሰ። ጎበዝ ነው፣ አልቃወምም። ግን ለእሱ ማንም «ተራህን ጠብቅ» አላለውም።

ባለፈው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይሄንኑ የስኒትከር ጽሑፍ አለቃው እንደላከለት ነገረኝ። ልጁ ሰባት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ነው። አዳዲስ የሚቀጠሩትን የሚያሠለጥነው እሱ፣ ከዚያ አለቃ የሚሆኑበትም እነሱ! ደሜ ፈላ። ጠብቀው ጠብቀው ጡረታ የወጡት አሰልጣኞች ታሪክማ አይጻፍም፣ ሼርም አይደረግም።

ከታሪኩ አርአያ ከፈለጋችሁ ሀንክ አሮን አለላችሁ። ታላቁ ሀንክ አሮን ያኔ የብሬቭስ የወጣት ተጫዋቾች ኃላፊ ነበር። መጫወቱ ያበቃለትን የ25 ዓመት ልጅ «ሂድ» አላለውም፣ ሥራ ሰጥቶ አስቀረው። አሮን በጥር 2021 አረፈ፣ ዋንጫው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መጣ።

ስለዚህ አለቆች፣ ጽሑፉን ለሠራተኛችሁ መላኩን ተዉት። ሰባት ዓመት ያስቀመጣችሁትን ሰው ነገ ቢሮ ጥሩና ምን እንደጎደለው ፊት ለፊት ንገሩት። የጎደለው ነገር ከሌለ ደሞ ቦታውን ስጡት።