«አሪፍ ነው» ያለህን ሁሉ አትመን

በከተማችን «አሪፍ ነው» የምትለዋን ቃል ያህል በነፃ የሚታደል ነገር የለም። አዲስ ጫማ ስታደርግ «አሪፍ ነው»፣ ፀጉርህን ስትቆረጥ «አሪፍ ነው»፣ ጨው የበዛበት ወጥ ስታቀርብ እንኳ እንግዳህ ውኃ እየጠጣ «አሪፍ ነው» ይልሃል። ይሉኝታ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ጣጣው የሚመጣው አንዱ የዋህ በዚያች ቃል ተማምኖ ገንዘቡንና ዕድሜውን ሲያፈስ ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ የማነሳላችሁ ደብዳቤ ከዚህች ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም፤ እኔም አላወጣውም። አሳጥሬ እነሆ፦

«24 ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ ኮምፒውተሬ ላይ ሙዚቃ እሠራለሁ። ቢቱንም፣ ኪቦርዱንም፣ ዜማውንም እዚያው ነው የምገጣጥመው። ያላለቁ ስድስት ዘፈኖች አሉኝ። አንዱን 31 ጓደኞቼ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ግሩፑ የእሳት ምልክት በእሳት ምልክት ሆነ። ‹ይሄማ ይፈነዳል!› አሉኝ። አንዲት ልጅ ብቻ፣ ያውም የምወዳት ልጅ፣ ለብቻዬ ‹አንድ ደቂቃ ከሃያ ላይ ሰለቸኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ› ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገርኳትም። በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሰኛል። ብሩን በሙሉ ለክሊፕ ላውለው ነው። እናቴ ግን ለቤት ኪራይ ነው የምትጠብቀው። ማንን ልመን? ሠላሳውን ወይስ አንዷን?»

ይኸውልህ ወንድሜ፤ ሦስት ነገር ተደባልቆብሃል። ዘፈኑ፣ ልጅቷና የቤት ኪራዩ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ግን ዘፈን የሚሠራው ለእንደኔ ዓይነቱ አድማጭ ስለሆነ ከዘፈኑ ልጀምር። እሱ ከተፈታ ሁለቱ ተከትለው ይፈታሉ።

በመጀመሪያ ነገር፣ 30 ሰው አድንቆኛል አትበል። ምናልባት ያደነቀህ አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት እሱን ተከትለው ይሆናል። ይህን ዝም ብዬ ከኪሴ አውጥቼ አይደለም የምነግርህ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ከ14,000 በላይ ሰዎች፣ እምብዛም የማይታወቁ ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች በኢንተርኔት እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲወስዱ ተደረገ። አንዳንዶቹ የሚያዩት የዘፈኖቹን ዝርዝር ብቻ ነበር። ሌሎቹ በስምንት ቡድን ተከፍለው፣ ከእነሱ በፊት የገቡ የቡድናቸው ሰዎች የትኛውን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወሰዱ ቁጥሩን ያዩ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ መሰለህ? ቁጥሩን ባዩት ዘንድ የተወደደው ይበልጥ ተወደደ፣ የተረሳውም ይበልጥ ተረሳ። አንድ ዘፈንማ በአንዱ ቡድን 1ኛ ሲወጣ በሌላው 40ኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ዘፈኑ ያው ነው! የተለየው ቀድሞ የገባው ሰው ምርጫ ነው።

ያንተም ግሩፕ እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው ልጅ እሳት ለጠፈ፤ ሁለተኛው «እኔ ምን አለብኝ» ብሎ እሳት ጨመረ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው «ሰለቸኝ» ለማለት ጀግና መሆን አለበት። ስለዚህ ያላለቀ ሥራህን ለሰው ስታሰማ ለየብቻ አሰማ። አንዱ ሌላው ያለውን አይስማ።

ሁለተኛ፣ ሰዎቹ የሰሙት የትኛውን ዘፈን ነው? ሞያህ ነውና ይህን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የሞባይል ስፒከር ስትፈታ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው የምታገኘው። የምትሠራበት ከበሮ ጉልበቱ 50 እና 60 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ያ ደግሞ ከዚያች ስፒከር አይወጣም። በስልክ የሰማህ ሰው ቤዙን ሳይሰማ ነው የፈረደልህ ወይም የፈረደብህ። ስለዚህ አንድ ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜ በኢርፎን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የምታውቀውን የታክሲ ሾፌር ለምነህ በመኪና ውስጥ አሰማ። የድሮውንና የአሁኑን ቅጂ ስታወዳድር ደግሞ ድምፁን እኩል አድርግ። የሰው ጆሮ ድምፅ ሲጨምር ወፍራሙን ድምፅ ይበልጥ አጉልቶ እንደሚሰማ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1933 ተለክቶ ታውቋል። ጮክ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስላል። «አዲሱ ይበልጣል» ሲሉህ የበለጠው ጩኸቱ ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቅ።

ሦስተኛው አጠያየቅህ ነው። «እንዴት ነው?» ብለህ የጠየቅከው የአገራችን ሰው «አሪፍ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይበልህ? እ.ኤ.አ. በ1959 ዲትሮይት ከተማ የተቋቋመው ሞታውን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ለዚህ መላ ነበረው። መሥራቹ ከዚያ በፊት የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበር፣ መኪና ከመሸጡ በፊት እንደሚፈተሸው ሁሉ ዘፈንም ይፈተሽ አለ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሠራተኞቹ ተሰብስበው ገና ገበያ ያልወጡትን ዘፈኖች ያዳምጣሉ፤ ድምፅም ይሰጣሉ። የሚጠየቁትም «ወደዳችሁት?» ተብለው ብቻ አልነበረም። «ኪስህ ውስጥ የመጨረሻዋ አንድ ዶላር ብትቀር ይህን ሸክላ ትገዛለህ ወይስ ሳንዱች?» ይባሉ ነበር። በኛ ቋንቋ «ይህን ዘፈን ወይስ እርጥብ?» እንደማለት ነው። አየህ፣ ለሆዱ የሚያስብ ሰው ይሉኝታ ይረሳል።

አንተም እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ «የት ላይ ሰለቸህ?» «የት ላይ ግራ ገባህ?» በማግስቱ ደግሞ ደውለህ «ከትናንቱ የቀረልህ የቱ ነው? እስቲ አንጎራጉርልኝ» በለው። አዝማቹን ማንጎራጎር ካልቻለ «አሪፍ ነው» ማለቱን እርሳው። ስታሰማው ከ«ገና አላለቀም» በላይ አትናገር። «እዚህ ጋ ድምፃዊ ይገባል፣ እዚያ ጋ ማሲንቆ ይጨመራል» እያልክ አጠገቡ ቆመህ አታስተርጉምለት። ዘፈኑ ገበያ ሲወጣ አንተ አብረኸው አትዞርም። ዝም ብለህ ትከሻውንና እግሩን እይ። አፉ ይሉኝታ አለበት፤ እግሩ የለበትም።

ሰው የሚያመውን ሲነግርህ ስማው፤ መድኃኒቱን ሲያዝልህ ግን ቀስ በል። ለምሳሌ ጭክጭካ ምት በኮምፒውተር ስትሠራ ማሽኑ እያንዳንዱን ምት በእኩል ርቀት ይደረድረዋል። ከበሮ መቺው ግን በእጁ ትንሽ ያዘገያል፣ ትንሽ ያፈጥናል፤ እስክስታውም የሚመጣው ከዚያ ነው። አድማጭህ ይህን አያውቅም። «የሆነ ነገር ይጎድለዋል፣ ቤዝ ጨምርበት» ይልሃል። መጉደሉ እውነት ነው። ቤዝ መሆኑ ግን ግምት ነው። በሽተኛ ሆዱን ያመኛል ሲል ይታመናል፤ ይህን መርፌ ውጋኝ ሲል ግን ሐኪሙ ይመረምራል። የዘፈኑ ሐኪም አንተ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «አድማጭ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለትህ ነው?» እንዳትለኝ። አይደለም። እንዲያውም በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ ውስጥ ሚውዚክ ቦክስ የሚባል ጭፈራ ቤት ነበር። ወጣት አቀናባሪዎች ገና ያልታተመ ሥራቸውን ይዘው እዚያ ይሄዳሉ፤ ዲጄው ያጫውትላቸዋል፤ ፈራጁ ጨፋሪው ነው። ፊውቸር የሚባሉት ልጆች ለቤዝ ጊታር ምትክ ተብላ ተሠርታ ገበያ ያጣች አንዲት የጃፓን መሣሪያ ይዘው፣ ቁልፎቿን እያጣመሙ ጆሮ የማያውቀው ድምፅ አወጡ። ዲጄው ያንን ቅጂ ሲያጫውት ሰው መድረኩን ጥሎ ወጣ ይባላል። ዲጄው ግን በዚያው ሌሊት ደገመው፤ ሠለሰው። በአራተኛው ሰው አበደ! «አሲድ ትራክስ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ፤ አሲድ ሃውስ ለሚባለው የሙዚቃ ዓይነትም ስም ሆነ።

የራሳችንንም ልንገርህ። አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ያጣመረው «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ወጥቶ ነበር። በ2013 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሲታተም ትዝታንም ሆነ ባቲን ሰምተው የማያውቁ ብዙ የውጭ አድማጮች አገኘ። ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አዲስ ነገር ጆሮ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ እኔ የምልህ ይህን ነው። እንግዳ መሆንና አሰልቺ መሆን ይለያያሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም «አልወደድኩትም» ነው የሚያሰኙት፤ በፊት ለፊት አይተህ አትለያቸውም። የሚለያቸው ድግግሞሽ ነው። እንግዳ የሆነ ነገር በተሰማ ቁጥር ይለመዳል፣ ይጣፍጣል። አሰልቺ የሆነው ግን በተሰማ ቁጥር ይብስበታል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው ለዘፈንም ይሠራል።

ስለዚህ በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት የምታደርገውን ልንገርህ። ከ31ዱ ውስጥ አምስት ሰው ብቻ ምረጥ፤ አንድ ጭፈራ የሚወድ፣ አንድ ሙዚቃ የሚችል፣ አንድ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ አንድ ብዙም የማይቀርብህ፣ አንድ ደግሞ የምትቀርበው። ሁሉንም አትጨርስ። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» ይባላል፤ አዲስ ጆሮም ያልቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ሌሎቹ ያስፈልጉሃል። ያንኑ ቅጂ፣ ምንም ሳትነካካ፣ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት አንዴ፣ አራት ጊዜ አሰማ። ስለቹ ያሉበትን ደቂቃ ደብተር ላይ ጻፍ። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ፣ በአራተኛውም ሳምንት እዚያው ላይ ከቆሙ፣ ክርክር የለውም፤ መቀሱን አንሳ። የመጀመሪያ ቀን ፊታቸውን አጨፍግገው በአራተኛው ቀን የሚያንጎራጉሩት ቦታ ካለ ግን፣ ማንም ምን ቢል እንዳትነካው። የዘፈንህ መልክ እሱ ነው።

አምስተኛዋ ሰው ማን መሆን እንዳለባት ገብቶሃል። ልጅቷ ትክክል ናት አላልኩም፤ ምናልባት የሰማችው በስልክ ነው፤ ምናልባትም ጆሮዋ አልለመደው ይሆናል። ግን ከ31 ሰው መካከል ደቂቃና ሰከንድ ቆጥራ የነገረችህ እሷ ብቻ ናት። ይህ ማለት ከልቧ አዳምጣለች ማለት ነው። እሳት መለጠፍ አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ የምትወደውን ሰው እንዳታስቀይም እየፈራህ እውነቱን መጻፍ ግን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስበው። ደውልላት። ማኪያቶ ጋብዛት። ይቅርታ ስትጠይቃት ታዲያ ስለ ዘፈኑ አትከራከር፤ «ያንን ደቂቃ ደግመሽ ብትሰሚልኝ» ብቻ በላት።

ዕቁቡን ደግሞ ለእናትህ ስጥ። ክሊፕ ያላለቀ ዘፈን አይጨርስም። ጉድለቱን በሚያምር ቀሚስና በሚያምር መኪና ይሸፍነዋል እንጂ፤ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ያው አንድ ደቂቃ ከሃያው ላይ ይሰለቻል። ፈተናውን ያለፈ ዘፈን ሌላ ዕቁብ እስኪወጣ ይጠብቅሃል። የቤት አከራይ ግን አይጠብቅም።

ሌሎቻችሁም ጓደኛችሁ ያላለቀ ሥራውን ሲያሰማችሁ «አሪፍ ነው» ብላችሁ አትለፉት። «እዚህ ጋ ወደድኩት፣ እዚህ ጋ ሰለቸኝ» በሉት። ለዛሬ ይብቃኝ፤ የከርሞ ሳምንት ሰው ይበለን። ቸር እንሰንብት!