ጆሮ በምን ይጠየቃል?

ሁለት ድምፆች አሉ እንበል፤ አንዱ ወፈር ያለ፣ ሌላው ቀጠን ያለ። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ከዚያ አጭር ዝምታ፤ ደግሞ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ዝምታ። ሁለቱ ድምፆች ከተቀራረቡና ፍጥነቱም መጠነኛ ከሆነ አድማጩ የሚሰማው የፈረስ ግልቢያ የመሰለ ምት ነው። ቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ እየቀጠነ ወይም ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ግልቢያው ይጠፋል። በምትኩ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ወፍራም ድምፅና ከእሱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ዘገም ብሎ የሚመላለስ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። የድምፆቹ ተራ ግን ያው የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው አድማጩ ድምፆቹን የሚያዛምድበት መንገድ ነው።

ይህን በዝርዝር ያጠናው ኔዘርላንዳዊው ሊዮን ቫን ኖርደን ሲሆን፣ በ1975 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአይንድሆቨን ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ለጥናቱ ዕድሜ የሰጡት ድምፆቹ አይመስሉኝም፤ ድምፆቹንማ ማንም ሊሠራቸው ይችላል። ዕድሜ የሰጠው ለአድማጮቹ የተነገራቸው ነገር ነው። አንድ ጊዜ ድምፆቹን እስከቻሉ ድረስ እንደ አንድ ዜማ ይዘው እንዲቆዩ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ነጥለው እንዲከተሉ ተጠየቁ። በዚህም ሁለት የተለያዩ ወሰኖች ተገኙ። ከአንደኛው ወሰን በላይ አድማጩ ምንም ቢጥር ድምፆቹን አንድ ላይ ሊይዛቸው አይችልም፤ ይህ ወሰን ፍጥነት ሲጨምር ይቀርባል፣ ፍጥነት ሲቀንስ ይርቃል። ከሌላኛው በታች ደግሞ ምንም ቢጥር ሊነጥላቸው አይችልም፤ ይኸኛው ጥቂት ሰሚቶን (ግማሽ ቃና) ላይ ተተክሎ ፍጥነት ቢለዋወጥም እምብዛም አይነቃነቅም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ውስጥ አድማጩ የሚሰማው እንዲሰማ የፈለገውን ነው።

እንግዲህ አንድ ተመራማሪ ድምፆቹን ከዚህ ሜዳ መርጦ «አንድ ዜማ ነው የሰሙት ወይስ ሁለት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ለካ? የጥያቄውን አነጋገር ለካ ብል ማጋነን አይሆንም። «ዜማ» የሚለው ቃል ብቻውን አድማጩን ወደ አንድነት ይገፋዋል። «ድምፆቹን ይለዩ» ቢለው ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይገፋዋል። ስለዚህ ለአድማጩ የሚነገረው መመሪያ ከድምፁ እኩል የሙከራው ክፍል ነው ባይ ነኝ። ከዚህም አልፌ የምለው አለ፤ የድምፅ ቅደም ተከተል ሙከራ ሲነደፍ ዋናው ብልሃት ጥያቄውን ከቃል አውጥቶ በሥራ ውስጥ መደበቅ ነው። አድማጩ ምን እንደሰማ ከመናገር ይልቅ፣ በአንድ መንገድ ካልሰማ በስተቀር ሊሠራው የማይችለውን ነገር ይሥራ።

ቃል የሚከዳበት ምክንያት ብዙ ነው። ሰው ጠያቂውን ማስደሰት ይወዳል፤ አላዋቂ መስሎ መታየት አይፈልግም፤ አንዱ ደፋር ነው፣ ሌላው ጠንቃቃ። ጆሯቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች «ለውጥ ሰምተዋል?» ቢባሉ፣ ደፋሩ በጥቂቱ ተጠራጥሮ «አዎ» ሲል ጠንቃቃው እርግጠኛ እስኪሆን ዝም ይላል። ዴቪድ ግሪንና ጆን ስዌትስ በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ያብራሩት የምልክት መለየት ንድፈ ሐሳብ የተሠራው እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የጆሮን አቅምና የመልስ ድፍረትን፣ ለመለያየት ነው። መላው ቀላል ነው፤ ለውጥ ያለበትንም የሌለበትንም ድምፅ እያደባለቁ ማሰማት፣ ከዚያ ትክክለኛውን «አዎ» ከሐሰተኛው «አዎ» ጋር ማመዛዘን። ሐሰተኛውን ያልቆጠረ ሙከራ የሚነግረን ስለ ሰዎች ጠባይ እንጂ ስለ ጆሯቸው አይደለም።

ሞንትሪያል በሚገኘው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ አልበርት ብሬግማን ከጄፍሪ ካምቤል ጋር በ1971 ያወጣው ሙከራ ጥያቄን በሥራ ውስጥ የመደበቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሦስት ቀጭንና ሦስት ወፍራም ድምፆች እየተፈራረቁ፣ እያንዳንዳቸው ለ100 ሚሊ ሴኮንድ ያህል፣ ያለማቋረጥ ይዞራሉ። አድማጩ ስንት ጅረት፣ ማለትም ስንት የተነጠለ የድምፅ ሰንሰለት፣ እንደሰማ አይጠየቅም። የሚጠየቀው የድምፆቹን ተራ ነው። በቀጭኖቹ መካከል ወይም በወፍራሞቹ መካከል ያለውን ተራ መናገር ይችላል። ከቀጭን ወደ ወፍራም እየተሻገረ ያለውን ተራ ግን፣ ሁሉም ድምፆች በግልጽ እየተሰሙት፣ ሊናገር ይቸገራል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሦስቱን ቀጭኖች፣ ቀጥሎ ሦስቱን ወፍራሞች፣ ወይም በተቃራኒው፣ በተከታታይ የሰሙ መስሏቸው ነበር። ይህን መልስ ጠያቂን ለማስደሰት ብሎ የሚፈጥረው ሰው የለም፤ አድማጩ ትክክለኛውን ተራ ለማግኘት እየጣረ ነውና። ስህተቱ ራሱ ማስረጃ ሆነ።

ብሬግማን ከአሌክሳንደር ሩድኒኪ ጋር በ1975 ያደረገው ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው፤ እኔ ከመስኩ ሙከራዎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ሁለት ድምፆች ተከታትለው ይሰማሉ፤ አድማጩ የትኛው እንደቀደመ ይናገራል። ብቻቸውን ሲሆኑ ይህ ቀላል ነው። ከፊታቸውና ከኋላቸው አንድ አንድ ሌላ ድምፅ ሲጨመር ግን ሥራው ከባድ ይሆናል፤ ተጨማሪዎቹ ሁለቱን መሐል አስገብተው ያደበዝዟቸዋል። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ የጨመሩትን አልቀነሱም። ይልቅስ ሌሎች ድምፆችን ጨመሩ፤ በቅጥነታቸው አደብዛዦቹን የሚመስሉ፣ እኩል እየተራራቁ የሚደጋገሙ። አዲሶቹ ድምፆች አደብዛዦቹን ወደ ራሳቸው ጅረት ስበው ወሰዷቸው፤ ሁለቱ ድምፆች እንደገና ነፃ ወጡ፤ ተራቸውም ተለየ። ብዙ ድምፅ ሲጨመር መስማት ቀለለ ማለት ነው። ጆሮ እንደ መቅረጫ የደረሰውን ሁሉ በተራ የሚመዘግብ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ሊመጣ አይችልም ነበር፤ ከአድማጩ የተፈለገውም የቱ ቀደመ የሚል አንድ ተራ መልስ ብቻ ነው።

ሆኖም ሥራም እንደ ቃል ይገፋል። በግልቢያው ምት ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ከመሐል ትንሽ ዘግይቶ ሲመጣ ለይ የተባለ አድማጭ፣ ድምፆቹን አንድ ላይ ከያዘ ይጠቀማል፤ ከተለያዩበት መዘግየቱ ይሰወርበታል። ስለዚህ አንድ ላይ ለመያዝ ይታገላል፤ ሙከራውም የሚለካው ትግሉ የሚሸነፍበትን ወሰን ነው። ጄይ ዳውሊንግ በ1973 ያጠናው ተቃራኒውን ነበር። ሁለት የታወቁ ዜማዎች ኖታ በኖታ እየተጠላለፉ ይሰማሉ፤ አድማጩ ዜማዎቹን እንዲያውቅ ይጠየቃል። እዚህ የሚጠቅመው መነጠል ነው። ዜማዎቹ በቅጥነት ሲራራቁ ይታወቃሉ፤ ሲደራረቡ ይጠፋሉ፤ የሚፈለገው ዜማ ስሙ አስቀድሞ ከተነገረ ግን ተደራርበውም ሊገኝ ይችላል። የቫን ኖርደን ሁለት ወሰኖች እዚህ በሥራ መልክ ተመልሰው መጡ። በአንዱ ዓይነት ሥራ ብቻ የተመሠረተ ጥናት ግማሹን ለክቶ ሙሉውን እንዳወቀ ይናገራል፤ ይህ ዓይነቱ ጥናት ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ቴክኒካዊው ጥንቃቄ ብዙም አያወያይም። ድምፅ በድንገት ከተጀመረ «ጠቅ» የሚል ጭረት ስለሚሰማ ጠርዙ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይለሰልሳል፤ አለበለዚያ አድማጩ የሚቆጥረው ጭረቱን ነው። እኩል ኃይል ያላቸው ወፍራምና ቀጭን ድምፆች ለጆሮ እኩል አይጮኹም፤ ይህ ከ1933ቱ የፍሌቸርና የመንሰን ጥናት ወዲህ የታወቀ ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጊዜ ጉዳይ ነው። መለያየት ወዲያው አይመጣም፤ በተከታታይ ሴኮንዶች እየተገነባ ይሄዳል። ሦስት ሴኮንድ ብቻ ያሰማና ሠላሳ ሴኮንድ ያሰማ ተመራማሪ በተመሳሳይ ድምፆች የማይታረቅ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ ሙከራ ያለፈበት ጆሮም ቀጣዩን በሌላ መልክ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ለእያንዳንዱ አድማጭ በዕጣ ይደባለቃል።

ቤተ ሙከራው ከመገንባቱ በፊት ይህን ሁሉ በእጃቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ። በኡጋንዳ የቡጋንዳ ሙዚቀኞች አማዲንዳ በተባለው የእንጨት ዛይሎፎን ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ የአንዱ ምት በሌላው ምት መካከል እየገባ አንድ ፈጣን ሰንሰለት ይሠራል። አድማጩ ከሰንሰለቱ ውስጥ ከተጫዋቾቹ ማናቸውም በእጃቸው ያልተጫወቱትን ዜማ ይሰማል፤ ተቀራራቢዎቹ ኖታዎች ከሁለቱም እጅ እየተለቀሙ የራሳቸውን ጅረት ይሠራሉና። ከቡጋንዳ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ከኤቫሪስቶ ሙይንዳ የተማረው ኦስትሪያዊው ጌርሃርድ ኩቢክ ይህን በ1960 ጽፎታል፤ ከቫን ኖርደን ጥናት 15 ዓመት ቀደም ብሎ። ሦስተኛ ተጫዋች ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ከሰንሰለቱ ወፍራም ጫፍ የሚወጣውን ዜማ ከፍ ባሉት ሁለት እንጨቶች ደግሞ ይመታዋል። ጥያቄን በሥራ መመለስ ይህ ነው።

«ምን ሰማህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ የሚበቃበት ጊዜም አለ። ዲያና ዶይች በ1974 ባወጣችው ሙከራ በአንዱ ጆሮ 400 ኸርዝ፣ በሌላው 800 ኸርዝ እየተፈራረቁ ይሰማሉ፤ አንዱ ጆሮ ቀጭኑን ሲቀበል ሌላው ወፍራሙን፣ ከዚያ ይገለባበጣሉ። ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ አድማጮች በቀኝ ጆሯቸው ቀጭን፣ በግራቸው ወፍራም ድምፅ ተራ በተራ ሰማን አሉ። ማንም አስቦ የማይደርስበት መልስ ስለሆነ ቃላቸው ይታመናል። ምክንያቱ ላይ ግን ክርክሩ ቀጥሏል፤ ቃል የሚነግረን የተሰማውን እንጂ እንዴት እንደተሰማ አይደለምና።

ወደ ሙዚቃ ሲጠጋ ጉዳዩ ይከብዳል። ካሮል ክራምሃንስልና ሮጀር ሼፐርድ በ1979 ሜጀር ስኬልን ሳይጨርሱ አሰምተው፣ አንድ ኖታ አስከትለው፣ ይህ ኖታ ስኬሉን ምን ያህል እንደሚጨርሰው ከ1 እስከ 7 ነጥብ እንዲሰጡት አድማጮችን ጠየቁ። ሙዚቃ የተማሩት ለስኬሉ መነሻ ኖታ ትልቅ ነጥብ ሰጡ፤ ያልተማሩት በአብዛኛው ካለቀበት ኖታ ለሚቀርበው አደሉ። የተማረ ጆሮና ያልተማረ ጆሮ ይለያያሉ ማለት ነው? ወይስ «መጨረስ» የሚለውን ቃል ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው ተረጉመውት ይሆን? ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም። በ2000 ማርክ ሌማን ያቀረበው ሞዴል ደግሞ የእንዲህ ዓይነት ነጥቦች ትልቅ ክፍል ገና ከጆሮ ባልጠፋ የኖታዎች ማሚቶ ሊገለጽ እንደሚችል አሳየ። በ1984 በሰሜን ሕንድ ራጋዎች (የዜማ ሥርዓቶች) ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ሕንዳውያንም ምዕራባውያንም አድማጮች ደጋግመው የሰሙትን ኖታ ከፍ አድርገው መዝነው ነበር፤ ከሥር ያለው ስኬል የታየው ግን በሕንዳውያኑ ነጥቦች ብቻ ነው።

በ2019 ኖሪ ጃኮቢና ባልደረቦቹ ነጥብ መስጠቱን ትተው ዘፈን ጠየቁ። የቦሊቪያ ፂማኔዎችና አሜሪካውያን ሁለት ኖታ ሰምተው መልሰው ዘፈኑት፤ ኖታዎቹ ሆን ተብሎ ከሰው ድምፅ በላይ የቀጠኑ ወይም በታች የወፈሩ ነበሩ። አሜሪካውያኑ በገዛ ድምፃቸው ልክ፣ ግን በኦክታቭ (ያው ኖታ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ የሚደገምበት) ርቀት አዛምደው መለሱ። ፂማኔዎቹ በሁለቱ ኖታዎች መካከል ያለውን እርምጃ ጠበቁ፤ ኦክታቩን ግን አልፈለጉትም። ሁለቱም ወገኖች በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ተቸገሩ። ስለ ኦክታቭ ማንም አልተጠየቀም፤ ቃሉንም ማስረዳት አላስፈለገም።

ይህ መልሶ የማዜም ዘዴ ለኢትዮጵያ ቅኝቶች ሙከራ የተቆረጠ ይመስለኛል። በተለመደው አጻጻፍ አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። እነዚሁ አምስት ኖታዎች ከፋ ሲነሱ ትዝታ ማይነር ይሆናሉ። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለየው ማረፊያቸውና አካሄዳቸው ነው። ስለዚህ አምስቱም ኖታዎች እኩል ጊዜ የሚመቱባቸው፣ ተራቸው ብቻ የተለያየ ሁለት ሐረጎች ቢዘጋጁ፣ ማሚቶው ለሁለቱም ተቀራራቢ ስለሚሆን ልዩነት ከታየ የመጣው ከተራው ነው። ድምፁ በኮምፒውተር ከሚሠራ ንጹሕ ቃና ይልቅ ባለሙያ ከቃኘው ክራር ይቀዳ፤ የፒያኖ ልኬት የክራሩን ቅኝት በትክክል አይይዘውም። ሐረጉ ሊያርፍ ሲል ይቆረጥ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ኖታዎችም በሁለቱ ሐረጎች አንድ ይሁኑ፣ ለቅርብ ኖታ ማድላት ልዩነት እንዳይፈጥር። ከዚያ አድማጩ የቅኝቱን ስም አይጠየቅም፤ ስም የሚያውቅና የማያውቅ እዚያው ይለያያሉና። የቀረውን ኖታ ያዚም ብቻ ይባል። በክራር ያደገው ወገን ለአንዱ ሐረግ ዶን፣ ለሌላው ፋን ቢያዜም፣ ይህን ሙዚቃ ሰምቶ የማያውቀው ወገን ደግሞ ለሁለቱም አንድ ኖታ ቢመልስ፣ ቅኝት በድምፆቹ ውስጥ ሳይሆን በለመደ ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች እኩል ቢለዩ ደግሞ ማረፊያውን የሚያመለክት ነገር በራሱ በተራው ውስጥ አለ፤ ቀጣዩ ሙከራም ተራውን እየበታተኑ የትኛው እርምጃ እንደሆነ መፈለግ ይሆናል።