መድኃኒትን መድኃኒት የሚያደርገው ልኩ ነው

እንደሚታወቀው በአገራችን ጉንፋን የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ዳማከሴ ያስጨምቃል፤ ሆዱን የቆረጠውም ጤና አዳም ወይም ፌጦ ይፈልጋል። ይህን ከወላጆቻችን የወረስነውን ዕውቀት የምንንቅ አይደለንም። ነገር ግን ዛሬ በየገበያውና በየስልኩ ማስታወቂያ «ለበሽታ ሁሉ ፍቱን ነው» እየተባለ፣ ምን እንደተቀላቀለበትና ልኩ ስንት እንደሆነ ያልተጻፈበት ዱቄት ሲሸጥ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ኮሶን እንመልከት። የሆድ ትልን በማስወጣት ዝናው ባሕር ተሻግሮ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአውሮጳ መድኃኒት መዝገብ ገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ ከልኩ ሲያልፍ የዓይንን ብርሃን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። ቅጠል ወይም አበባ ስለሆነ ብቻ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው።

የእንዶድ ታሪክ ደግሞ መንገዱን ያሳየናል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሐርዝያን የሚያዛምቱት እነዚሁ ናቸው። ሊቁ በማየት ብቻ አልረኩም፤ ምን ያህሉ እንደሚገድል እየለኩ ለብዙ ዓመታት መረመሩ።

ስለዚህ ሻጩ የሚሸጠውን ነገር ምንነትና ልክ ይጻፍ፤ በሽተኛውም የወሰደውን ሁሉ ለሐኪሙ አይደብቅ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ይመርምር። ሳይመረመር የቀረ ዕውቀት ሰውንም ይጎዳል፤ ራሱም ይጠፋል።