በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ስለሚታየው የብር ቅንጣት

በቅርቡ አንዲት የምናውቃቸው እናት የሟች ባለቤታቸውን ነጭና ጥቁር ፎቶግራፍ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ፎቶግራፉ ትንሽ ስለ ነበረ፣ ለልጆቻቸው አንዳንድ ይደርሳቸው ዘንድ በአንድ ፎቶ ቤት አሳድገውት ኖሯል። «መምህር፣ ይህ ሰው እሳቸውን ይመስላል፤ እሳቸው ግን አይደሉም» አሉን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ብንመለከት ምክንያቱ ተገለጠልን። በኮምፒዩተር የሠራው ሰው በመልኩ ላይ የተበተነውን አሸዋ መሰል ነጠብጣብ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎታል፤ ከዚያም ጋር የግንባራቸውን መጨማደድና የጉንጫቸውን ጠባሳ አብሮ ወስዶታል።

ያ ነጠብጣብ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ፎቶግራፉ የተሠራበት ነገር ራሱ ነው። ፊልም ማለት እጅግ ደቃቅ የሆኑ የብር ጨው ቅንጣቶች በጄላቲን ውስጥ ተበትነው የተቀቡበት ስስ ነገር ነው። ብርሃን የነካቸው ቅንጣቶች ፊልሙ ሲታጠብ ወደ ጥቁር ብር ይለወጣሉ፤ ብርሃን ያልነካቸው በሌላ መድኃኒት ሟምተው ይወገዳሉ። ዓይናችን የሚያየው አንዱን ቅንጣት ለብቻው ሳይሆን የብዙዎቹን ክምችት ነው። ስለዚህም ፎቶግራፉ ባደገ መጠን ነጠብጣቡ እየጎላ ይሄዳል።

አንዱ ፊልም ልሙጥ፣ ሌላው ሻካራ የሚሆነው ስለምን ነው? ትልቅ ቅንጣት ብርሃንን ፈጥኖ ይቀበላል፤ ትንሹ ግን ብዙ ብርሃን ይሻል። ኮዳክ በ1954 እ.ኤ.አ. በ35 ሚሊ ሜትር ያወጣው ትራይ ኤክስ የተባለው ፊልም ብርሃን ባነሰበት ስፍራ ስለሚሠራ ጋዜጠኞች ወደዱት፤ ቅንጣቱ መታየቱንም ታገሡለት፣ ኋላም እንደ ውበት ቆጠሩት። ያው ፋብሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ቅንጣታቸው ጠፍጣፋና ደቃቅ የሆነ ቲ ማክስ የተባሉ ፊልሞችን አወጣ። ይሁን እንጂ ትራይ ኤክስን የመረጡ ሰዎች ሊተዉት አልፈቀዱም።

እንግዲህ አሮጌ ፎቶግራፍ ለማሳደግ የምትሰጡ ሁሉ ይህን ለዩ። አቧራና ጭረት በአንድ ስፍራ ብቻ ይታያሉ፤ ቢጠረጉም ጉዳት የለውም። የብሩ ቅንጣት ግን በገጹ ሁሉ፣ ይልቁንም በግራጫው ስፍራ፣ ተሰራጭቶ ይገኛል። ይህንን አጥብቆ የሚጠርግ ሰው የቆዳ መጨማደድንና ቅንጣትን ለይቶ መተው አይቻለውም። ስለዚህ ቅንጣቱ እንዳይነካ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ኔጋቲቩንና ዋናውን ወረቀትም ከቶ አትጣሉ።

የእኒያ እናት ኔጋቲቭ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን ዋናው ወረቀት በእጃቸው ስለ ነበረ፣ ሳይጠረግ እንደገና አድጎ ተባዛ። ታናሽዬዋ ልጃቸው አባቷ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበረች። ፎቶግራፉን ተቀብላ ስታበቃ አስቀድማ የጠየቀችው ጠባሳው ከምን እንደ መጣ ነበር። እናቲቱም ተቀምጠው ይነግሯት ጀመር።