ከመጦሪያው በር ወዲያ ሕግ አለን?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ ዳቦና ሳሙና ገዝተን፣ አንድ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መጦሪያ ጎብኝተን ነበር። ተዘፈነ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ተመረቅን። ልንወጣ ስንል አንዲት እናት የሹራቤን እጅጌ ይዘው፣ «ልጄ፣ የቤቴን ቁልፍ ማን እንደያዘው ጠይቅልኝ። ወደዚህ ሲያመጡኝ ለሁለት ሳምንት ነው ብለውኝ ነበር» አሉኝ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት፣ እማማ?»

«ይኸ ሦስተኛው ፋሲካዬ ነው።»

አስተዳዳሪውን ጠየቅሁ። «ዘመዶቻቸው ናቸው ያስገቧቸው፤ አእምሯቸው ልክ አይደለም» አለኝ። የትኛው ሐኪም መረመራቸው? የትኛው ዳኛ አያቸው? ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አውጥቶ የሚያሳየኝ አንድም ወረቀት ግን አልነበረውም።

ይኸን የምጽፈው በጎ አድራጊዎችን ለመንቀፍ አይደለም። የወደቀውን ከጎዳና አንሥቶ፣ ቁስሉን አጥቦ፣ የሚያጎርሰውን ሰው እጁን ልንስመው ይገባናል። ነገር ግን ጽድቅ ሕግን አይተካም። ዳቦ የተቆረሰለት ሰው ጠገበ እንጂ መብቱ ተጠበቀለት አይባልም። ደግ አስተዳዳሪ ዛሬ አለ፤ ነገ ቢሄድና ክፉ ቢተካስ? በሰው ደግነት ላይ ብቻ የቆመ ደኅንነት፣ ደኅንነት ነውን?

ሕጋችንን እንመልከት። ዛሬም የሚሠራው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 341፣ አንድ ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በሕሙማን መኖሪያ ተቀምጦ እስካለ ድረስ እብደቱ በግልጽ እንደ ታወቀ ይቆጥረዋል። በዚያ ጊዜ የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል። የሕጉ አሳብ መልካም ነው፤ ሕመምተኛውን አታልሎ ቤቱን በርካሽ የሚገዛውን ለመከልከል ነው። ነገር ግን «በአእምሮው ምክንያት ገብቷል» የሚለው ማን ነው? ያስገባው ዘመድ ከሆነና ያ ዘመድ ራሱ የቤቱን ቁልፍ የያዘ ከሆነስ?

ያው ሕግ አንድን ሰው በፍርድ ከንብረቱ አስተዳደር ለመከልከል ሲፈልግ ምን ያኽል እንደሚጠነቀቅ ተመልከቱ። ዳኛው ሰውየውን ራሱ አይቶ ማመን አለበት፤ ሰውየው ችሎት መምጣት ካልቻለ ሄዶ የሚያየው ይላካል። እንግዲህ ንብረት እንዳያዝበት ለማድረግ ዳኛ ሲያስፈልግ፣ ራሱን ሰውየውን በር ዘግቶ ለማስቀመጥ ግን የዘመድ ቃል ሲበቃ በዓይናችን አየን። ከሰውየውና ከቤቱ የትኛው ነው የሚከብረው?

ሕግ ጨርሶ የለም አንልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። አንቀጽ 12 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 14 አካል ጉዳተኛ መሆን ብቻውን ነጻነትን ለመንፈግ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። አንቀጽ 16 ደግሞ እንዲህ ያሉትን ተቋሞች ነጻ የሆነ አካል እንዲቆጣጠራቸው ግዴታ ያስገባል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 እንደሚለው የጸደቀ ስምምነት የአገር ሕግ አካል ነው። ታዲያ እኚያ እናት በሦስት ፋሲካ ውስጥ ይኸን ተቆጣጣሪ አላዩትም።

«አገሩ ደኃ ነው፤ መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ ሕግ» የሚሉ አሉ። ከኛ እጅግ የምትበለጽገው ደቡብ አፍሪካ ምን እንደ ደረሰባት እንንገራቸው። የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ጤና መሥሪያ ቤት፣ አንደኛው ምክንያት ወጪ ለመቀነስ ነው ብሎ፣ ከ1,300 በላይ የአእምሮ ሕሙማንን ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከተባለው የረጅም ጊዜ ማስታመሚያ አስወጣ። አብዛኛው ዝውውር የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። ብዙዎቹ የተበተኑት በበጎ አድራጎት ስም በተቋቋሙ ቤቶች ነው። የጤና ዕንባ ጠባቂው በ2017 ሲመረምር የ27ቱም ድርጅቶች ፈቃድ ሕጋዊ ሆኖ አልተገኘም። ዘመዶቻቸው የት እንደ ተወሰዱ ያላወቁ ቤተሰቦች ነበሩ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም ውስጥ ረኃብ፣ ጥምና ብርድ የፈጃቸው ነበሩ። ያን ጊዜ በአገሩ የአእምሮ ጤና ሕግ ነበረ፤ በሕጉ የተቋቋመ ተቆጣጣሪ ቦርድም ነበረ። የታጣው በሩን አንኳኩቶ የሚገባ ሰው ነው። ኋላ ግን ቤተሰቦቹ በሕጉ ተሟገቱ። በ2018 ጡረታ የወጡት ምክትል ጠቅላይ ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ መንግሥት ለተሟጋቾቹ ለእያንዳንዳቸው 1.2 ሚሊዮን ራንድ እንዲከፍል ወሰኑ። ካሣው የሞተውን አላስነሣም። በጊዜው የገባ ተቆጣጣሪ ግን ሊያድነው በቻለ ነበር።

ይኸ ጉዳይ ለተማሪ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች፣ ለማኞችና ደኆች በሾላ ታጉረው መኖራቸውን ሰምተው፣ ድህነት ወንጀል ነውን? ብለው አደባባይ ወጡ። ዳቦ ይዘው ሄደው ቢመለሱ ኖሮ ማን ያስታውሳቸው ነበር? የሚታወሱት ስለ ጠየቁ ነው። የዛሬው ጥያቄ ደግሞ እርጅና ወንጀል ነውን? መታመም ወንጀል ነውን? የሚል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይኸን ነው። ማንም ሰው ከፈቃዱ ውጭ በመጦሪያ ሲያዝ፣ ሐኪምና ዳኛ በተወሰነ ቀን ውስጥ ይዩት፤ ጉዳዩም በየጊዜው እንደገና ይታይ። ሳይጠራና ሳያስታውቅ የሚገባ ነጻ ተቆጣጣሪ ይኑር፤ ያየውንም ለሕዝብ ያውጣ። ሰው ሲገባ ንብረቱና ቁልፉ በማን እጅ እንደ ቀረ በመዝገብ ይጻፍ። ተጧሪው በሚያውቀው ቋንቋ አቤት የሚልበት ቦታ ይነገረው።

ከኛም ሥራ አለ። የሕግ ተማሪዎች በነጻ የሕግ ምክር የምትሰጡት ከተማ ውስጥ ብቻ ለምን ይሆናል? መጦሪያው በር ድረስ ሂዱ። በመጪው በዓል ዳቦውን እንያዝ፤ ደብተርና እርሳስም እንጨምር። አቤቱታ የሚጽፍላቸው እንጂ ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው አልጎደለባቸውም።

እኔ የእማማን ቁልፍ እስከ ዛሬ እየጠየቅሁ ነው። ብቻዬን ስለ ጠየቅሁ ማንም አልመለሰልኝም።