የመኪናው ባሌስትራ ሲጮኽ ዘይት መቀባት ብቻውን ጥገና አይሆንም

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ ወደ አርሲ ነጌሌና ባቱ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አላባና ወላይታ ሶዶ፣ እንዲሁም በኮፈሌና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ የሚያመሩት መንገዶች ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና የከብት ክትባት ገበሬው ደጃፍ የሚደርሰው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ በሚጀምረው የጠጠርና የአቧራ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሚደክመው የመስክ መኪና ሲጥ ሲጥ ማለት ሲጀምር ምን መደረግ እንዳለበት የማኅበር መሪዎች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ባሌስትራ ተነባብረው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ብረቶቹ ይለጠጣሉ፤ ሲወጣ ይመለሳሉ፤ በዚህም እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። የስምጥ ሸለቆው አፈር በብዙ ቦታ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ፑሚስ ያለበት በመሆኑ አቧራው ደቃቅና ሸካራ ነው። አቧራው በብረቶቹ መካከል ሲገባ፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ዝገት ሲጨምርበት ጩኸት ይፈጠራል።

በብዙ ቦታ የሚታየው ልማድ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በብሩሽ መቀባት ነው። ጩኸቱ በርግጥ ለጥቂት ቀናት ይጠፋል። ነገር ግን ዘይቱ አዲስ አቧራ ስቦ ይይዛል፤ ሁለቱ ተደባልቀውም ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ ዘይቱ በባሌስትራው ጆሮ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ጎሚኒ ሲነካ ላስቲኩ ያብጣል፤ ጊዜው ሳይደርስም ያልቃል። ስለዚህ ጩኸቱን ከማጥፋት በፊት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይቀድማል።

ይህንንም ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁምና አንድ ሰው ከኋላ ወይም ከፊት እየተጫነ ያወዛውዘው። ሌላው ሰው በየመጋጠሚያው ተራ በተራ ጥቂት ውሃ ያፍስስ። ውሃ ሲነካው ጩኸቱ የቆመበት ወይም የተለወጠበት ቦታ በሽተኛው ቦታ ነው። ጩኸት ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። የደረቀ ብረት ሲጥ ሲጥ ማለቱ ብዙውን ጊዜ አደጋ የለውም። ቋ ቋ የሚል ድምፅ ግን የላላ ቡሎን ወይም ያለቀ አሞርዛተር ሊሆን ይችላል። መኪናው ባዶውን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ከዝርግ ብረቶቹ አንዱ ተሰብሮ እንደሆነ መመርመር አለበት። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አንቀው የያዙት የታጠፉ ቡሎኖች ከላሉ አክስሉ ከቦታው ሊንሸራተት፣ ሰው የጫነ መኪናም ከመንገድ ሊወጣ ይችላል።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጭቃውና አቧራው በውሃ ይታጠባል፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል። ግራሶ መውሰጃ ቀዳዳ ያለው ፒን አሮጌው ቆሻሻ እስኪወጣ ድረስ አዲስ ግራሶ ይጠጣል። ይህ ቀዳዳ የሌለው የላስቲክ ጎሚኒ ግን ግራሶም ዘይትም አይነካውም፤ ካለቀ ይለወጣል። አዲስ ጎሚኒ የገባበት ቡሎን በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው፤ አለበለዚያ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ስለሚቆይ ቶሎ ይቀደዳል። የታጠፉት ቡሎኖችም ከጥገናው በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እንደተሄደ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል፤ ሻንሲው ጠንካራ ድጋፍ ሊደረግለት ይገባል። ዝርግ ብረቶቹን መፍታትም ሞርሳ ላለው መካኒክ የሚተው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የሾፌሩና የመካኒኩ ሥራ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የጎሚኒ መግዣ የሚፈቅደው፣ መኪናው ግማሽ ቀን ለጥገና እንዲቆም የሚወስነው፣ የጭነቱንም ልክ የሚያዘው መሪው ነው። ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ 20 ከረጢት ሲጫን 1,000 ኪሎ ይሆናል። በዚያ ላይ ሰው ሲጨመር የመኪናው መመሪያ ከሚፈቅደው ልክ እንዳያልፍ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ጩኸት ሰምቶ የተናገረ ሾፌርም ሥራ ፈላጊ እንዳልሆነ ሰው ሊታይ አይገባም። እንዲያውም የሰማውን በመዝገብ እንዲጽፍ፣ መሪውም ምን እንደተደረገበት እንዲጠይቅ ያስፈልጋል።

መኪናው የማኅበሩ አባላት ሁሉ ንብረት ነው። በዘር ወቅት ተሰብሮ ቢቆም የሚጎዳው ዘሩን ማሳው ዳር ሆኖ የሚጠብቀው ገበሬ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዝናቡ ሳይጀምር የእያንዳንዱ ማኅበር መኪና ባሌስትራ ይታጠብ፤ ይመርመር፤ ይጠገን።